የሌሊቱ ተረኞች

በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የኮቪድ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነርሶች ኃላፊ ነበርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ በዚያ ሰሞን በእኛ ላይ የደረሰው በሌሎችም ላይ ደርሷል። የምመሰክረው ስለ አንድ ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት ኦክስጅን አጥቶ የሞተብን ሰው የለም። ለዚህ ያበቃን ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ወጣት ራነር (ዕቃ አመላላሽ) በሐኪሞች ፊት ቆሞ ማንም መስማት የማይፈልገውን ወሬ መናገሩ ነው። አዲስ የተሾሙ የክፍል ኃላፊዎች ሰው እንዴት እንደሚመራ ሲጠይቁኝ ይህን ሌሊት እነግራቸዋለሁ። ከዚህ የተሻለ የማውቀው የለም።

አስቀድሜ የነበርንበትን ሁኔታ ላስረዳ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ክትባት መስጠት ተጀመረ። ክትባት ገባ ሲባል ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀለት መሰለው። ጭምብሉ ወደ ኪስ ገባ፤ ሠርጉም ለቅሶውም እንደ ድሮው ሆነ። እኛ ዘንድ ግን ዓመቱን ሙሉ አይተነው የማናውቀው ብዛት የመጣው ያኔ ነው። በአገር ደረጃ በአንድ ቀን ከ2,000 በላይ አዲስ ታማሚ የተመዘገበባቸው ቀናት ነበሩ። አልጋ ለማግኘት በአምቡላንስ ውስጥ ተኝቶ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ባለሙያው ደግሞ ደክሞታል። የመጀመሪያው ዓመት ፍርሃት ወጥቶለት በቦታው ድካም የገባበት ጊዜ ነበር፤ እኔን ከፍርሃቱ ይልቅ ድካሙ ያሰጋኝ ነበር።

ይህ በሽታ ሳንባን ክፉኛ ሲይዝ ከኦክስጅን የሚቀድም መድኃኒት የለም። ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ መድኃኒት ኦክስጅን የሚወስዱ ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ከእንግሊዝ በወጣ ጥናት ከታወቀ ወዲህ እኛም እንሰጠው ነበር። ይህ ሁሉ ግን ኦክስጅኑ እስካለ ድረስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ አየሯ ለጤነኛውም ሳሳ ያለ ነው፤ የታመመ ሳንባ እዚህ ቶሎ ይዝላል።

ስሌቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ ወደ 6,000 ሊትር ኦክስጅን አለው። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ሰው 20 ሰዓት ይበቃዋል። በደቂቃ 15 ሊትር ለሚወስድ ግን 7 ሰዓት እንኳን አይሞላም፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የተገጠመ ሲሊንደር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሳይደርስ ባዶ ነው። አየሩን አጣርቶ ኦክስጅን የሚያወጣው ኮንሰንትሬተር አለ፤ እሱ ደግሞ የሚሰጠው ቢበዛ በደቂቃ 10 ሊትር ነው፤ መብራት ሲጠፋም ይቆማል።

እነዚህን ሲሊንደሮች ከመጋዘን እያንከባለለ የሚያመጣው፣ ባዶውን ነቅሎ ሙሉውን የሚያቆመው ራነሩ ነው። የግፊት መለኪያው ጌጅ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ከማንም በፊት የሚያየው እሱ ነው። በደመወዝ ግን የመጨረሻው ነው፤ ለስብሰባ አይጠራም፤ ሐኪሞች ታማሚ በሚያዩበት ዙር ላይ ድምፁ አይሰማም።

ኃላፊ ከመሆኔ በፊት፣ በዚያው ክፍል ተራ ተረኛ ሳለሁ ያየሁትን ልናገር። የጊዜው ኃላፊ በሙያዋ የማትታማ ነርስ ነበረች። መርፌ አይስታትም፣ የታማሚዎቿን ቻርት በቃሏ ታውቃለች፣ ለሥራዋ ትሞታለች። አንድ ቀን ሐኪሞቹ ዙር ላይ ሳሉ ራነሩ ልጅ ገባና ስለ አንድ ሲሊንደር ሊናገር ሲጀምር "ዙር ላይ መሆናችን አይታይህም? ውጣ!" አለችው። ልጁ ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ዙር ላይ ሳለን የአንድ መምህር አባት ሞኒተር መጮህ ጀመረ። በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን፣ ሳቹሬሽናቸው፣ ወደ 68 ወርዷል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሲሊንደሩ አልቆ ነበር። ተሯሩጠን ሌላ ገጠምን፤ ሰውየው ተመለሱ። ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ልጁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። ለምን እንዳልነገረን ስጠይቀው "ሲስተር፣ ዙሩን ስትጨርሱ ልነግራችሁ እየጠበቅኩ ነበር" አለኝ።

ይህ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። የታዘዘውን ነው የፈጸመው። አንድ ጊዜ ተቆጥተነው ዝም እንዲል አስተምረነዋል፤ ትምህርቱንም በደንብ ተቀበለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ለታላቅ መታዘዝ፣ ሲጠሩ ብቻ መቅረብ፣ ክፉ ወሬን ማለዘብ በቤታችን ያየነው ወግ ነው። ይህ ወግ በእንግዳ ፊት ያምራል፤ የምወደውም ወግ ነው። የአንድ ሰው እስትንፋስ በጌጅ ላይ በሚቆጠርበት ክፍል ውስጥ ግን ገዳይ ነው።

ኃላፊነቱ በእኔ ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ ያደረግሁት ራነሮቹንና የፅዳት ሠራተኞቹን በምሽቱ ርክክብ ላይ እንዲቆሙ መጥራት ነበር። ጥቂት ባልደረቦች አልተዋጠላቸውም። አንድ ሐኪም ርክክቡ ይረዝማል አለ፤ እውነቱን ነው፣ ረዘመ። ብዙ ዘመን አብረን የሠራን አንዲት ነርስ "ነርስነታችንን አረከስሽው" ብላኝ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች። እስከ ዛሬ እንደ ድሮው አንጫወትም። ያሳዝነኛል፤ ቢሆንም አሁንም ያንኑ አደርግ ነበር።

ሰዎቹን በርክክቡ ላይ ማቆም ብቻውን ምንም አላመጣም። "ችግር አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ "የለም ሲስተር፣ ሁሉም ደህና ነው" ይሉኛል። እንዲህ ብሎ ለጠየቀ ትልቅ ሰው የሚሰጠው የጨዋ መልስ ይኸው ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። "ዛሬ ሌሊት ቀድሞ የሚያልቀው የማን ሲሊንደር ነው?" ማለት ጀመርኩ። ፅዳቶቹን "ዛሬ ከታማሚዎቹ ያላማረሽ ማን ነው?" እላለሁ። ይህን በ"ሁሉም ደህና ነው" ማምለጥ አይቻልም፤ የግድ ስም ይጠራል፣ የአልጋ ቁጥር ይጠራል። በሁለተኛው ሳምንት ያ ራነር ልጅ ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ። ፅዳት ከሚሠሩት አንዷ እናት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ አንድ ምሽት "ያች ባለ ጥግ አልጋዋ ልጅ ዛሬ እራቷን ገፋችው፤ አነጋገሯም አላማረኝም" አሉ። ሄደን ስናያት ሞኒተሩ ገና ያልጮኸበት ነገር ግን መዋዠቅ የጀመረ ትንፋሽ አገኘን።

ሰው ክፉ ወሬ ሲያመጣ እንዴት እንደምቀበለው ራሴን ማሠልጠን ነበረብኝ። በመከላከያ ልብሱ ውስጥ ፊት አይታይም፤ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው፤ ዓይን ደግሞ በተለይ የደከመ ዓይን የተቆጣ ይመስላል። ስለዚህ የያዝኩትን አቁሜ በሙሉ ሰውነቴ ወደ ተናጋሪው እዞራለሁ፤ የነገረኝን ቃል በቃል መልሼ እደግማለሁ፤ ከዚያ "አመሰግናለሁ፣ ሌላስ?" እላለሁ። ከ"ሌላስ" በኋላ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ነገር ነው። ፊት ስለማይታይም ሁላችንም ስማችንንና ሥራችንን በትልቁ በማርከር ደረታችን ላይ እንጽፍ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቀዶ ሕክምና መቆጣጠሪያ ዝርዝር ላይ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን እንዲናገር ታዟል። ስሙን አንዴ የተናገረ ሰው ሁለተኛ ለመናገር አይከብደውም። ልጁ የመጀመሪያ ቀን "ራነር" ብሎ ብቻ ጽፎ መጣ፤ ማርከሩን ሰጥቼው ስሙን አስጻፍኩት።

ወደዚያ ሌሊት ልምጣ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ርክክብ ቆመናል። ዋርዱ ሞልቷል፤ በከፍተኛ መጠን ኦክስጅን የሚወስዱ ብዙ ነበሩ። የልጁ ተራ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ሙሉ ተብለው ከተደረደሩት ሲሊንደሮች አምስቱ ባዶ ናቸው" አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ተረኛው ሐኪም "እርግጠኛ ነህ?" ሲለው "አንድ በአንድ በጌጅ አይቻቸዋለሁ ዶክተር" ብሎ መለሰ። ባዶና ሙሉ በአንድ ግድግዳ ሥር ይቆሙ ስለነበር ቀን ላይ ተቀላቅለው ነው። ልጁ ማንም ሳያዘው፣ ከተረኛነቱ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ ሁሉንም ፈትሿል። የሚጠበቀው የኦክስጅን አይሱዙ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት መድረስ ነበረበት። ስንደውል ሾፌሩ ማምረቻው በር ላይ ወረፋ ውስጥ ነው፤ የከተማው ሆስፒታል ሁሉ እዚያ ተሰልፏል፤ ምናልባት ሲነጋ ይደርሳል።

ሐኪሙና እኔ በወረቀት ጀርባ ላይ አሰላነው። ያለን ኦክስጅን ባለበት አካሄድ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ቢያደርሰን ነው። ወረቀቱን ደብቄ አልያዝኩትም፤ ለሁሉም አሳየሁ፤ ነርሱም፣ ራነሩም፣ ፅዳቱም ያንኑ ቁጥር አዩ። እውነቱን ተካፍለው የሚሠሩ ሰዎች እውነቱን ከሚገምቱ ሰዎች ያነሰ ይፈራሉ፤ በዚያ ሌሊት በዓይኔ ያየሁት ይህንን ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ነበረን። ይህ ጊዜ የልጁ ስጦታ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብንደርስበት ኖሮ የሚቀረን ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር።

አልጋ በአልጋ ሄድን። ሳቹሬሽናቸው 96 እና 97 የሆኑትን ሐኪሙ እያዘዘ ወደ 92 ገደማ እስኪወርድ ድረስ ፍሰቱን ቀነስንላቸው። በጎማዎቹና በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የሚያፈተልከውን ፈለግን፤ በሁለት አልጋዎች ላይ ኦክስጅኑ ወደ ሰው ሳይደርስ ወደ ክፍሉ ሲነፍስ አገኘን። መገልበጥ የሚችሉትን በደረታቸው አስተኛን፤ በደረት ሲተኛ የጀርባው የሳንባ ክፍል ይከፈትና በዚያው ኦክስጅን የተሻለ ይተነፈሳል። አንድ አዛውንት ግን እምቢ አሉ። "ክርስቲያን በደረቱ አይተኛም፣ እንደ ሬሳ አትገልብጡኝ" ብለው ተቆጡ። ሐኪሙ አስረዳቸው፣ እኔም ለመንኳቸው፤ አልሆነም። እትዬ መወልወያቸውን አስቀምጠው አጠገባቸው ተንበረከኩና "አባቴ፣ እኔ እጅዎን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሲደክምዎ እመልስዎታለሁ" አሏቸው። አዛውንቱ ተገለበጡ። እትዬም ቃላቸውን ጠብቀው በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ልብስ ውስጥ እጃቸውን ይዘው ቆዩ። እኛ ስልክ ላይ ነበርን። አንድ ሌላ ሆስፒታል ከራሱ ጉድለት ላይ አራት ሲሊንደር ሊያበድረን ፈቀደ፤ አምቡላንሳችን ሊያመጣ ወጣ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት አለፍ ሲል መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ጥቂት ሠርቶ ቆመ። ጨለማው ውስጥ ኮንሰንትሬተሮቹ በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመሩ። ያን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም። ቬንቲሌተር ላይ የነበሩት በባትሪ ቀጠሉ፤ ኮንሰንትሬተር ላይ የነበሩትን ግን አንድ በአንድ ወደ ሲሊንደር ማዛወር ነበረብን፤ በቆጠብነው ሲሊንደር።

እዚህ ላይ በነርስነቴ ከባዱን ነገር አደረግሁ። ታማሚ አልነካሁም። እጄ ወደ አልጋው መሮጥ ይፈልጋል፤ ሃያ ዓመት የለመደው እሱን ነው። አንድ አልጋ ላይ ካጎነበስኩ ግን ሌሎቹን የሚያይ አይኖርም። ኮሪደሩ መሐል፣ ሁሉም በሚያየኝ ቦታ ባትሪ ይዤ ቆምኩ። ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሠሩ ቀድመን ተከፋፍለን ስለነበር ማን የት እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀም። ከጨለማው ውስጥ "አልጋ 7፣ ሲሊንደር ተገጥሟል፣ 88" የሚል ድምፅ ይመጣል፤ እኔ "አልጋ 7፣ 88፣ ሰምቻለሁ" እላለሁ፤ ወረቀቱ ላይ እጽፋለሁ። ያልደገምኩት ነገር እንዳልተሰማ ይቆጠራል ብለን ተስማምተናል። ድምፄን አላነሳሁም። ልቤ ግን በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር።

አንዲት ወጣት ነርስ፣ ከተመረቀች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ወደ እኔ መጥታ "ሲስተር፣ አልቻልኩም፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው" አለችኝ። ጊዜ አልነበረንም፤ ቢሆንም እጇ የሚንቀጠቀጥ መሆኑን መጥታ የነገረችኝ ነርስ፣ እየተንቀጠቀጠች ዝም ብላ ከምትገጥም ነርስ ትበልጥብኛለች። ለጓደኛዋ ሌላ ሰው ተካሁ፤ እሷን አጠገቤ አቁሜ ቁጥሮቹን እንድትጽፍ ወረቀቱን ሰጠኋት። አሥር ደቂቃ ያህል ጻፈች። ከዚያ "አሁን እችላለሁ" ብላ ራሷ ተመለሰች።

አምቡላንሱ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ደረሰ። በግቢው ውስጥ በጋቢ ተጠቅልለው ያደሩት አስታማሚዎች ሲሊንደሮቹን ከልጁ ጋር ተሸክመው እስከ በሩ አመጡ። ጄኔሬተሩን ቴክኒሺያኑ ሲያስነሳው አስቀድሞ የበራው የመድኃኒት ክፍሉ መብራት ነበር፤ አንድ ሰው "እልል" አለ። አይሱዙው የገባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው።

ሙሉውን መናገር አለብኝ። ሊነጋጋ ሲል አንዲት እናት አረፉብን። ኦክስጅናቸው ሙሉ ነበር፣ ሐኪሙም አጠገባቸው ነበር፤ ሳንባቸው አልቻለም። ግቢ ውስጥ ለነበረችው ልጃቸው የነገርኳት እኔ ነኝ። ያቺ ልጅ ሌሊት ሲሊንደር ከተሸከሙት አንዷ ነበረች። "ያመጣነው አልደረሰላትም?" ብላ ጠየቀችኝ። ደርሶላቸው እንደነበር፣ ባዶ ሲሊንደር ላይ እንዳልተኙ፣ ብቻቸውንም እንዳልነበሩ ነገርኳት። ይህን በእውነት መናገር መቻሌን ዛሬም አመሰግናለሁ።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። አስተዳደሩ ባዶዎቹን ከሙሉዎቹ ጋር የቀላቀለው ማን እንደሆነ እንዲጣራ ፈለገ፤ ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው። ባዶና ሙሉ የሚለይበት ምልክትና የተለያየ ቦታ ከሌለ ማንም ሰው ሊቀላቅላቸው ይችላል። አንድ ሰው ከቀጣን ደግሞ ከነገ ጀምሮ ባዶ ሲሊንደር ያገኘ ሰው ወሬውን ይዞ ወደ እኛ አይመጣም፤ ባዶውን ይደብቀዋል። ክርክሩ ረዘመ። በኋላ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ጥናት ይህንኑ ይናገራል። ኋላ የሃርቫርድ ፕሮፌሰር የሆነችው ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሆስፒታል ክፍሎችን ስታጠና በደንብ የሚመሩት ክፍሎች አነስተኛ የመድኃኒት ስህተት ያሳያሉ ብላ ጠብቃ ነበር። የተመዘገበላት ስህተት ግን በእነሱ ዘንድ በዛ። ነገሩን ስትመረምረው፣ በእነዚያ ክፍሎች ያሉ ሰዎች የደረሰውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነበር። ይህን ጥናት በስብሰባው ቀን በእጄ ባገኘው ምንኛ በጠቀመኝ።

በመጨረሻ የቅጣቱ ደብዳቤ ቀረ። ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ ተለዩ፤ በሰንሰለት ታሰሩ፤ ሙሉ፣ የተጀመረ፣ ባዶ የሚል ቀለም ያለው ካርድ በየአንገታቸው ተንጠለጠለ። ካርዱን ያቀደው ልጁ ነው። የተረኞች ዝርዝር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የራነሮቹና የፅዳቶቹ ስም ከነርሶቹ ሥር መታተም ጀመረ።

ያልተቋጨው የአበሉ ጉዳይ ነው። በእነዚያ ወራት ለእኛ የተፈቀደው የተጋላጭነት አበል በእኛ ሆስፒታል ለራነሮቹና ለፅዳቶቹ አልተከፈላቸውም፤ በሙያ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም ተባለ። ያን ሌሊት የነበርነው ነርሶችና ሐኪሞች ፈርመን ደብዳቤ አስገብተናል፤ መልሱ ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል ነው። እትዬ ጡረታ ሊወጡ ተቃርበዋል። ከመውጣታቸው በፊት ገንዘባቸውን በእጃቸው እንዲቀበሉ እፈልጋለሁ፤ ቀጣዩን ደብዳቤም እየጻፍኩ ነው።